አሮጌ የአይሮፕላን አምሳያ ስለ መገጣጠምና ስለ ማሻሻል
(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር)



በዚህ ሳምንት የምናገርለት ጉዳይ በመጀመሪያ ሲሰሙት የልጆች ጨዋታ ይመስልዎ ይሆናል። ጉዳዩ ከፕላስቲክ የተሠራ፣ ክፍል በክፍል ተለያይቶ በካርቶን ውስጥ የሚሸጥና ገዢው ራሱ እንዲገጣጥመው የታሰበ የአይሮፕላን አምሳያ ነው። ሞዴል የሚለውን ቃል ሁላችንም ስለ ለመድነው አንዳንድ ጊዜ ሞዴል፣ አንዳንድ ጊዜ አምሳያ እያልሁ እቀጥላለሁ። እኔ ግን ነገሩን ያነሣሁት ስለ ጨዋታ ብዬ አይደለም። የክንፉ ርዝመት 40 ሴንቲ ሜትር ብቻ የሆነው ይህ ሞዴል በሚገባ ከተሠራ፣ አባቶቻችን ተሳፍረው በየክፍለ ሀገሩ ወደ ሥራቸው የሄዱበትን አይሮፕላን በጠረጴዛ ላይ መልሶ ያቆማል፤ በግዴለሽነት ከተሠራ ደግሞ የማንም አገር ያልሆነ ግራጫ ነገር ሆኖ ይቀራል። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ነው ዛሬ ለማስረዳት የምሞክረው።

ካርቶኑ እጄ የገባው በ2017 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት በካዛንቺስ ለመልሶ ማልማት ቤቶች ሲፈርሱ የወላጆቼም ቤት ከሚነሡት አንዱ ነበረ። ዕቃ ስንጭን፣ ከቁም ሣጥኑ ራስ ላይ በሲባጎ የታሰረና አቧራ የለበሰ ካርቶን ወረደ። በክዳኑ ላይ ሁለት ሞተር ያለው ዳኮታ አይሮፕላን ተሥሎበታል፤ ሠሪው ኤርፊክስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ነው። አባቴ ከብዙ ዘመን በፊት ከውጭ አገር ከተመለሰ ሰው እጅ አግኝተውት፣ ግራውን ክንፍ ብቻ አጣብቀው ትተውት ኖሯል። ለምን እንደ ተዉት ብጠይቃቸው «ሥራ በዛብኝ» አሉኝ። የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ አንባቢ ይህን ምክንያት ያለ ተጨማሪ ማስረጃ እንደሚቀበለው አምናለሁ።

ካዛንቺስን ካነሣሁ ዘንድ አንድ ነገር ልጨምር። የሰፈሩ ስም ራሱ የተገጣጠመ ነው። በጣልያን ወረራ ጊዜ ለጣልያን መንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ የሚሠራው ድርጅት ስሙ በአጭሩ «ኢንቺስ» ይባል ነበር፤ «ካዜ» ደግሞ በቋንቋቸው ቤቶች ማለት ነው። «ካዜ ኢንቺስ» የሚለውን የአዲስ አበባ ሰው አንደበት አጋጥሞ ካዛንቺስ አደረገው። እንግዲህ ሰፈሩ ገና ከስሙ ጀምሮ የቢሮ ሠራተኛ ሰፈር ነበረ ማለት ነው፤ በኋላም የእኛው ሠራተኞች ኖሩበት።

አሁን ወደ አይሮፕላኑ እንመለስ። አይሮፕላኑን ሳያውቁ አምሳያውን ለመሥራት መነሣት፣ ፊቱን ያላዩትን ሰው ሥዕል ለመሣል እንደ መነሣት ይቆጠራል። ዳግላስ የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ ዲሲ 3 ብሎ የሰየመው አይሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ ከምድር የተነሣው ታኅሣሥ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወለሉ ተጠናክሮ፣ በግራ ጎኑ በስተኋላ ሰፊ የዕቃ በር ተከፍቶለት፣ ሲ 47 በሚል ስም ለጦር ሠራዊት ተሠራ፤ እንግሊዞች ዳኮታ አሉት። የተሠራውም ከ10,000 በላይ ስለ ነበረ፣ ጦርነቱ ሲያበቃ ብዙው ትርፍ ሆኖ ለሽያጭ ቀረበ።

ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ አየር መንገድ፣ ቲ ደብልዩ ኤ ከተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ጋር ተዋውሎ ሥራውን የጀመረው በእነዚሁ ከጦር ትርፍ በተገዙ 5 ሲ 47 አይሮፕላኖች ነበር። የመጀመሪያው በረራ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ሄደ። የቦሌ አይሮፕላን ማረፊያ ገና ስላልነበረ የሚነሡትና የሚያርፉት በልደታ ሜዳ ነው። የዛሬው ተሳፋሪ እንደሚያውቀው ያለ መቀመጫም አልነበረም፤ ከግራና ከቀኝ ግድግዳ ጋር የተያያዙ ታጣፊ አግዳሚዎች ነበሩ። ሰዎች ፊት ለፊት እየተያዩ ይቀመጣሉ፤ ዕቃው በመካከላቸው ይታሰራል። ካፒቴን ዓለማየሁ አበበም እ.ኤ.አ. በ1957 የአየር መንገዱ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን ሲሆኑ ያበረሩት ይህንኑ ዓይነት አይሮፕላን ነበር።

ዲሲ 3 በአሜሪካ በተነሣበት በዚያው በ1928 ዓ.ም. በእኛም አገር አንዲት አይሮፕላን ተሠርታ መብረርዋን መርሳት አይገባም። ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር የነደፋት፣ በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ በልዕልት ፀሐይ ስም የተጠራችው «ፀሐይ» ናት። ወራሪው ማርኮ ወደ ጣልያን ወሰዳት፤ ከሮም አጠገብ ቪኛ ዲ ቫሌ በሚባለው ቦታ ባለው የአየር ኃይል ሙዚየም ብዙ ዘመን ቆይታ፣ ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰች። እርስዋን በአምሳያ ለመሥራት የሚፈልግ ሰው ፎቶግራፍ ይዞ ከእንጨትና ከካርቶን ራሱ መቁረጥ ይኖርበታል። የዳኮታው ሥራ ለዚያ የሚያለማምድ ስለ ሆነ፣ ከእርሱ መጀመር ይሻላል እላለሁ።

ኤርፊክስ ይህን ዳኮታ ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። መጠኑ ከእውነተኛው 72 ጊዜ ያነሰ ነው። 72 የሚለው ቁጥር የመጣው ከእንግሊዞች መለኪያ ነው፤ በዚህ መጠን 6 ጫማ ቁመት ያለው ሰው ልክ 1 ኢንች ይሆናል። ስለዚህ 29 ሜትር የነበረው የዳኮታ ክንፍ 40 ሴንቲ ሜትር፣ 19 ሜትር ተኩል ገደማ የነበረው ቁመቱ 27 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ይወጣል። ይህን 72 የሚሉትን ቁጥር በወረቀት ጽፈው ከፊትዎ ያስቀምጡ። በአሮጌ ሞዴል ላይ ያለውን ስሕተት ሁሉ የሚያጋልጠው እርሱ ነውና።

ስሕተቱ ከየት እንደሚመጣ ለመረዳት አሠራሩን ማወቅ ያስፈልጋል። ፖሊስታይሪን የተባለው ፕላስቲክ በሙቀት ይቀልጥና ፎርማ በሚባል የብረት ቅርጽ ማውጫ ውስጥ በታላቅ ግፊት ይገባል። ሲቀዘቅዝ ፎርማው ይከፈትና ክፍሎቹ በአንድ የፕላስቲክ ቅርንጫፍ ላይ እንደ ፍሬ ተንጠልጥለው ይወጣሉ። ወፍራም የሆነው ክፍል ሲቀዘቅዝ ስለሚሰበሰብ ላዩ ይሰረጉዳል። ፎርማው ለብዙ ዓመታት ከተሠራበት ደግሞ ፕላስቲኩ በመጋጠሚያው እየሾለከ በክፍሎቹ ጠርዝ ላይ ስስ ገለፈት ይተዋል። ከዚህም ሌላ፣ ብረትን ወደ ውስጥ መቦርቦር ቀላል፣ በብረት ላይ ጉብ ያለ መስመር ማስቀረት ግን ከባድ ነው። ፎርማው ላይ የተቦረቦረው በፕላስቲኩ ላይ ጉብ ብሎ ስለሚወጣ፣ የዚያ ዘመን ሞዴሎች መስመራቸውና ሪቬታቸው ሁሉ ወደ ውጭ ያበጠ ነው።

ሪቬት የምንለው የአይሮፕላኑን የአሉሚኒየም ገበር ከአጥንቱ ጋር የሚያያይዘውን ትንሽ ምስማር ነው። በአሮጌው ዳኮታ ሞዴል ላይ ይህ ምስማር እንደ ፈንጣጣ በመላ አካሉ ላይ ወጥቶበታል። አንዱ ነጠብጣብ ግማሽ ሚሊ ሜትር ስፋት ቢኖረው፣ በ72 ሲባዛ 36 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ይኸውም ከለስላሳ መጠጥ ቆርኪ ይበልጣል። በአይሮፕላን ክንፍ ላይ ቆርኪ ሲደረደር የታየበት አገር የለም። የክንፉም የኋላ ጠርዝ 1 ሚሊ ሜትር ቢወፍር፣ በእውነተኛው ላይ ከ7 ሴንቲ ሜትር በላይ ይሆናል ማለት ነው፤ የእውነተኛው ጠርዝ ግን ስስ ነው።

እንግዲህ ሥራውን እንጀምር። መጀመሪያ የሚመጣው ማጣበቅ ሳይሆን መቁጠር ነው። የመግለጫውን ወረቀት ዘርግተው እያንዳንዱን ክፍል በቁጥሩ ይመልከቱ፤ የጎደለውንም ይመዝግቡ። በየመሥሪያ ቤታችን መዝገብ ቤት አንድ ቅጠል ከፋይሉ ሲጎድል የሚመጣውን ጣጣ የሚያውቅ ሰው ይህን ምክር አይንቅም። ከእኔ ካርቶን አንድ የፊት ጎማ ጎድሎ ነበር። ያለውን ጎማ በሁለት ወገን የልጆች ፕላስቲሲን ላይ ተጭኜ ቅርጹን አወጣሁና፣ ውስጡን ዘይት አስነክቼ በሁለት ቱቦ የሚሸጠውን ኢፖክሲ ሞላሁበት። በማግሥቱ ሁለቱን ግማሾች ፈልቅቄ አንድ ላይ አጣበቅሁ። ፍጹም ክብ አልሆነም፤ ነገር ግን የተጫነ አይሮፕላን ጎማው ከታች ትንሽ ጠፍጠፍ ስለሚል፣ ጉድለቱን ወደ መሬት አዙሬ ሸሸግሁት።

ቆጠራው ሲያልቅ ክፍሎቹን ሁሉ ከነቅርንጫፋቸው ለብ ባለ ውኃና በሳሙና ያጥቡ። ፕላስቲኩ ከፎርማው በቀላሉ እንዲላቀቅ የተቀባው ቅባት ካልታጠበ ቀለም አይዝም። በአቀማመጥ የተጣመመ ክንፍ ካለ እጅ በሚችለው ሙቅ ውኃ ውስጥ ጥቂት አቆይተው ቀስ ብለው ያቃኑት፤ የፈላ ውኃ ግን ክንፉን እንደ በሰለ ጎመን ያደርገዋልና ይጠንቀቁ። አሮጌ ፕላስቲክ በቀላሉ ስለሚሰበር ክፍሎቹን ከቅርንጫፉ ሲለዩ በእጅ መጠምዘዝ አይገባም፤ በምላጭ ወይም በስል ቢላ ይቁረጡ፤ የቀረውን በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ያስተካክሉ።

ስለ ሙጫ ብዙ ሰው የሚሳሳተው፣ የሞዴል ሙጫ እንደ ወረቀት ሙጫ በሁለት ነገሮች መካከል ገብቶ የሚይዝ ስለሚመስለው ነው። እውነቱ ሌላ ነው። ይህ ሙጫ ፕላስቲኩን ራሱን ያሟሟዋል፤ ሁለቱ የሟሙ ጠርዞች ሲገናኙ ይዋሐዳሉ፤ ማሟሟቻው ሲተን ፕላስቲኩ መልሶ ይጠነክራል። ስለዚህ ሲበዛ የሚጠቅም ሳይሆን የሚያጠፋ ነገር ነው። ሁለቱን ክፍሎች መጀመሪያ ያለ ሙጫ ያጋጥሙ፤ የማይገጥመውን ይሞርዱ፤ ከዚያ ቀጭኑን ሙጫ በትንሽ ብሩሽ በመጋጠሚያው ላይ ያስነኩ፤ ራሱ ስቦ ይገባል። እስኪደርቅ በልብስ መቆንጠጫ ይያዝ። መስኮቱንም ሁል ጊዜ ይክፈቱ፤ ሽታው ራስ ያዞራልና።

ከመጠን ያለፈ ሙጫ ምን እንደሚያደርግ የተማርሁት ከአባቴ ግራ ክንፍ ነው። በዚያ ዘመን ቱቦውን አብዝተው ጨምቀውት ኖሮ፣ ሙጫው በክንፉ ላይ ፈስሶ ፕላስቲኩን አለስልሶታል፤ እርሳቸውም በአውራ ጣታቸው ተጭነው ይዘውታል። ሲደርቅ የጣታቸው አሻራ መስመር በመስመር ታትሞ ቀረ። እኔም ካርቶኑን ከፍቼ ይህን ባየሁ ጊዜ፣ እውነቱን ለመናገር፣ የብርጭቆ ወረቀቱን አስቀመጥሁት። በፈረሰ ቤት ውስጥ የተገኘ የአባት አሻራ እንዴት ይፋቃል? ሦስት ሳምንት ያህል ሥራው በዚሁ ቆመ።

በመጨረሻ ክንፉን ይዤ ወደ አባቴ ሄድሁ። ዓይናቸው ስለ ደከመ በጣታቸው ዳሰሱት። አሻራውን ሲያገኙ፣
«ይህ ምንድር ነው?» አሉኝ።
«የእርስዎ አሻራ ነው፣ አባባ። ልተወው አሰብሁ።»
«ልጄ፣ አሻራ የሚያኖረው መፈረም የማይችል ሰው ነው። እኔ ሠላሳ ዓመት የፈረምሁ ሰው ነኝ። ፋቀው!» አሉኝ።

እኔም ፋቅሁት። ስንጥቁንና የተሰረጎደውን ሁሉ፣ ግድግዳ ቀቢዎችና የመኪና አካል ሠሪዎች የሚጠቀሙበትን ደቃቅ ስቱኮ ሞላሁበት፤ ሲደርቅ በውኃ በራሰ የብርጭቆ ወረቀት፣ ከሻካራው ወደ ለስላሳው እያለፍሁ አስተካከልሁት። ስቱኮ ሲደርቅ ስለሚሰበሰብ በአንድ ጊዜ ከመሙላት ሁለት ጊዜ መቀባት ይሻላል።

በዚያው ዕለት አባቴ አንድ ትልቅ ነገር አስተማሩኝ። በወጣትነታቸው ወደ ጎሬ ተመድበው የሄዱት በዳኮታ ነው። ሲያስታውሱ፣ «በግራ በኩል ከኋላ ገባን፤ ከዚያ ወደ ላይ ወጣን» አሉ። «ወደ ላይ» ያሉት በመጀመሪያ አልገባኝም ነበር። በኋላ ግን ነገሩ ግልጽ ሆነልኝ፤ ዳኮታ ሁለት ትልልቅ ጎማዎች ከፊት፣ አንዲት ትንሽ ጎማ ከጅራቱ በታች ያለው ስለ ሆነ፣ መሬት ላይ ሲቆም ጅራቱ ዝቅ፣ አፍንጫው ቀና ይላል። ወለሉም ዳገት ይሆናል። ተሳፋሪው ከበሩ ወደ መቀመጫው የሚሄደው ሽቅብ እየወጣ ነው። በነገራችን ላይ፣ የፊት ጎማ ያለውን አይሮፕላን ሞዴል የሠራ ሰው በጅራቱ እንዳይቀመጥበት አፍንጫው ውስጥ ክብደት መጨመር ለምዶ ይሆናል፤ ለዳኮታ ይህ ልፋት አያስፈልግም።

«በመካከላችንም ጆንያ ነበረ፤ እግሬን የማኖርበት አጥቼ በጆንያው ላይ ዘርግቼ ሄድሁ» ሲሉ ጨመሩ። እኔም አካሉን ከመዝጋቴ በፊት ይህን ነገር ለመሥራት ቆረጥሁ፤ ሁለቱ ግማሾች አንድ ጊዜ ከተጣበቁ በኋላ ወደ ውስጥ መመለሻ የለምና። ወለሉን ከደብተር ሽፋን ቆረጥሁ። በሁለቱ ግድግዳዎች ላይ ከቀጭን ካርቶን አግዳሚ ሠራሁ፤ እግሮቹን ከራሱ ከሞዴሉ ቅርንጫፍ አወጣሁ። ቅርንጫፉን በሻማ ነበልባል አጠገብ፣ ሳያስነኩ፣ እያዞሩ ሲያሞቁት ይለሰልሳል፤ ከነበልባሉ አርቀው ሁለቱን ጫፍ ቢስቡት እንደ ክር ይቀጥናል። ይህ ዘዴ ለአንቴና ሽቦም ያገለግላል። ጆንያዎቹን በኮላ ከራሰ ስስ የአፍንጫ ወረቀት ጠቅልዬ፣ ሲደርቁ የቃጫ ቀለም ቀባኋቸው። 72 ጊዜ ያነሰ ጆንያ ከባቄላ ፍሬ ያን ያህል አይበልጥም። የዕቃውን በር ከፍቼ ስለ ተውሁት፣ በጠባብዋ ክፍተት ጎንበስ ብሎ ለሚያይ ሰው ጆንያዎቹ ይታያሉ።

ስለ መስኮቶቹ አጭር ነገር ልበል። የመስተዋቱን ክፍሎች በሞዴል ሙጫ የሚያጣብቅ ሰው ይጸጸታል፤ ትነቱ መስተዋቱን እንደ ጉም ይሸፍነዋል። አናጢዎች የሚጠቀሙበት ነጭ ኮላ ሲደርቅ ጥርት ስለሚል እርሱን ይጠቀሙ። እንዲያውም ትንንሾቹን የጎን መስኮቶች፣ ኮላውን በእንጨት ስንጥር በቀዳዳው ላይ እንደ አረፋ ስቦ በመዘርጋት ብቻ መሥራት ይቻላል።

ወደ ሪቬቶቹ ስንመለስ፣ ሁለት ዓይነት አስተያየት አለ። አንዳንዶች የዘመኑ ሥራ ምስክር ስለ ሆነ አይነካ ይላሉ። እኔ ከዚህ አሳብ ጋር አልስማማም። ሞዴሉ የሚመሰክረው ስለ ፎርማ ቀራጩ ነው ወይስ ስለ አይሮፕላኑ? ይሁን እንጂ ፈጽሞ መላጨትም ስሕተት ነው፤ የእውነተኛው ዳኮታ ገበር በቅርብ ሲታይ ሪቬቱ ይታያልና። እኔ ያደረግሁት፣ ሪቬቱ በጣት ሲዳሰስ እስኪጠፋ፣ በአግድም ብርሃን ሲታይ ግን ጥላው እስኪቀር ድረስ መፋቅ ነው። ከዚህ የተለየ ጥንቃቄ የሚያሻው በክንፎቹ ጫፍና በጅራቱ ላይ ያሉት ተንቀሳቃሽ ክፍሎች ናቸው። እነዚህ በእውነተኛው አይሮፕላን ላይ የተሸፈኑት በአሉሚኒየም ሳይሆን በጨርቅ ነው። በጨርቅ ላይ ሪቬት አይመታም፤ ስለዚህ እዚያ አንድም እንዳይቀር አድርገው ያለስልሱ።

ክንፎቹን ሲያያይዙ መካከለኛው ክፍል አግድም ተኝቶ፣ ከሞተሮቹ ወዲያ ያለው ግራና ቀኝ ግን ወደ ላይ ቀና ማለቱን ያስተውሉ። ይህን በዓይን መገመት አደገኛ ነው። ከካርቶን ሁለት እኩል ድጋፎች ቆርጠው ከክንፎቹ ጫፍ በታች ያቁሙና እስኪደርቅ ይተዉት። እኔ የተጠቀምሁት በሁለት እኩል የመጻሕፍት ክምር ነው።

ቀለም ከሥራው ሁሉ ትዕግሥት የሚጠይቀው ክፍል ነው። ዳኮታዎቹ አብዛኛው አካላቸው ያልተቀባ አሉሚኒየም ነበር። የብር ቀለም ደግሞ ሐሜተኛ ነው፤ ከሥሩ ያለውን ጭረት ሁሉ ያወራል። ስለዚህ መጀመሪያ አንድ ጊዜ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ቀለም በስሱ ይቀቡ፤ ጭረቱ በእርሱ ላይ ወዲያው ስለሚታይ አርመው እንደገና ይቀቡ፤ ብሩ ከዚያ በኋላ ይምጣ። የአዲስ አበባ በጋ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። በክረምት ግን የአየሩ እርጥበት በቀለሙ ላይ ነጭ ጭጋግ ስለሚያስቀር፣ ዝናብ በሚዘንብበት ቀን ብሩሹን በአኳራጅ አጥቦ ማስቀመጥና መጽሐፍ ማንበብ ይሻላል። እኔ ይህን ምክር የምሰጠው በሐምሌ ቀብቼ በነሐሴ የፋቅሁ ሰው ሆኜ ነው።

ከዚህ በኋላ ሞዴሉ የየት አገር እንደ ሆነ የሚናገርበት ሰዓት ይመጣል። በካርቶኑ ውስጥ ያሉት በውኃ ርሰው የሚለጠፉ ምልክቶች የእኛ አይደሉም፤ በዚያም ላይ ዘመን ስላለፋቸው ቢጫ ሆነዋል። ለሚፈልጋቸው ሰው መድኃኒት አለ፤ ወረቀቱን ከመስኮት መስተዋት ጋር በፕላስተር አጣብቆ ፀሐይ ማስመታት ነው፤ ጥቂት ቀን ሲቆይ ቢጫው ይነጣል። እኔ ግን የሌላ አገር ልብስ አላለብሰውም ብዬ ተውሁት።

በዚህ ላይ ከሁሉ የሚበልጠው ምክሬ፣ «የኢትዮጵያ ዳኮታ» የሚባል አንድ ነገር አለ ብለው አለማሰብ ነው። አየር መንገዱ ዳኮታን ያገለገለበት ዘመን ረጅም ስለ ነበረ የአቀባቡ ሁኔታ ተለዋውጧል። የድርጅቱ ስም እንኳ በእንግሊዝኛ አጻጻፉ እ.ኤ.አ. በ1965 ተለውጧል። ከአንዱ ዘመን ስሙን፣ ከሌላው ጅራቱን፣ ከሦስተኛው መስመሩን የሚወስድ ሰው፣ ሁሉም እውነት ሆኖ ሳለ በአንድነት ሐሰት የሆነ ነገር ይሠራል። አንድ ፎቶግራፍ፣ አንድ አይሮፕላን፣ አንድ ዓመት ይምረጡ፤ በዚያም ይጽኑ። በክንፉ የፊት ጠርዝ ላይ በረዶ የሚከላከለው ጥቁር ጎማ አለን? ከአብራሪዎቹ ክፍል በስተኋላ ጣሪያው ላይ ኮከብ ለማየት የተሠራው የመስተዋት ጉልላት አለ ወይስ ተነሥቷል? ይህን ሁሉ የሚነግርዎ ፎቶግራፉ ነው እንጂ የካርቶኑ ክዳን አይደለም።

መስመሮቹን በወረቀት ፕላስተር ከልዬ በብሩሽ ቀባሁ። ፕላስተሩን ከመለጠፍዎ በፊት በእጅዎ ጀርባ ላይ አንድ ሁለት ጊዜ ለጥፈው ያንሡት፤ ኃይሉ ይቀንስና የታችኛውን ቀለም አይገነጥልም። ፊደሉ አስቸጋሪ ነው። 36 ሴንቲ ሜትር ከፍታ የነበረው ፊደል በሞዴሉ ላይ 5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የላቲኑ ፊደል ቀጥታ መስመር ስለሚበዛበት ይቻላል፤ የእኛ ፊደል ግን ክቡ፣ እግሩና ቅጥያው በ5 ሚሊ ሜትር ውስጥ ሲገባ ከወረንጦ ይልቅ ጸሎት የሚያሻው ሥራ ነው። አንድ ስሙን የማልጠራው ማተሚያ ቤት በስስ ወረቀት ላይ እንዲያትምልኝ ብሰጥ፣ «ት» የሚለውን ፊደል ዘልሎ መለሰልኝ። ሁለተኛ ጊዜ ራሴ ጻፍሁት፤ በቀጭን ብሩሽ፣ ትንፋሼን እየያዝሁ፣ በአንድ ምሽት ሁለት ፊደል ብቻ።

አሁን አይሮፕላኑ በአዲሱ ቤታችን በአባቴ መኝታ አጠገብ ባለችው ጠረጴዛ ላይ ቆሟል። ጅራቱ ዝቅ፣ አፍንጫው ቀና ብሏል። ጎረቤት ሲመጣ አባቴ በሩን በጣታቸው እየፈለጉ «እዚህ ጋ ገባን» ይላሉ። የቀረው አንድ ነገር ነው፤ እርሱም የመለያ ቁጥሩ ነው። እያንዳንዱ አይሮፕላን በክንፉና በጎኑ የሚጻፍበት የራሱ ምልክት አለው፤ አባቴ ወደ ጎሬ የሄዱበትን ግን አያስታውሱትም። ከመጽሐፍ አንዱን መርጦ መጻፍ ቀላል ነበር። ነገር ግን ያ ሌላ አይሮፕላን ይሆንብኛል፤ ስለዚህ ቦታውን ባዶ ትቼዋለሁ። ከአንባቢዎቼ መካከል በ1960ዎቹ መጀመሪያ በጎሬ፣ በጂማ ወይም በሌላ የክፍለ ሀገር ሜዳ ላይ በዳኮታ አጠገብ ቆሞ የተነሣው ፎቶግራፍ በቤቱ አልበም ውስጥ የሚገኝ ሰው ካለ፣ እባክዎን ከሰዎቹ በስተኋላ በአይሮፕላኑ ጎን ላይ ምን እንደ ተጻፈ አጉሊ መነጽር ይዘው ይመልከቱልኝ።